አልበሙን ፍለጋ ኮንሰርት አትሂዱ፦ ከላይቭ ሮክ ጋር እንዴት እንደታረቅኩ

የመጀመሪያ የሮክ ኮንሰርቴን ያየሁት አሜሪካ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። የባንዱን ስም አልጠራም፣ ግን ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ካሴታቸውን ክሩ እስኪሳሳ የሰማሁት፣ ቴፑ ሲበላው በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ያዳንኩት ባንድ ነው። ትኬቱን ከአራት ወር በፊት ገዛሁ፣ የሁለት ሳምንት የኦቨርታይም ብር ሄደበት፣ አልቆጨኝም ነበር። ከዛ ቀኑ ደረሰ፣ ገባሁ፣ መብራት ጠፋ፣ ሰዉ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ፣ የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር ግን የትኛው ዘፈን እንደሆነ ለመለየት አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። ቤዙ ደረቴን ይደልቀኛል፣ ጊታሩ ሁሉ አንድ ላይ ተድበልብሎ ወንፊት ውስጥ እንደሚናጥ ጠጠር ነው፣ የዘፋኙ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመጣው። የምጠብቀው ዘፈን ሲመጣ ደግሞ ዘፋኙ ዝቅ አድርጎ ዘፈነው፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረው፣ ጊታሪስቱም እኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአፌ የማዜመውን ሶሎ (ጊታሩ ለብቻው የሚሄድበትን ቦታ) ትቶ ሌላ ነገር ተጫወተ። የመጨረሻው ዘፈን ሳያልቅ ወጣሁ። ባቡር ውስጥ ሆኜ ለጓደኛዬ ደውዬ "ተበላሁ" ነው ያልኩት።

ዛሬ ይሄን የምጽፈው የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ትኬቷን ስለገዛች ነው። "አጎቴ፣ እንደ አልበሙ ነው የሚጫወቱት?" ብላ ጠየቀችኝ። ለሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ እኔ ያኔ የሚነግረኝ አጥቼ ነበርና። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አንድ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር።)

መጀመሪያ ስለ ጊታሬ ላውራ። ገና አዲስ አበባ እያለሁ ጊታር እማር ነበር፣ ሜታሊካ የሚባለውን የሮክ ባንድ የ1986 አልበም ከካሴት ላይ እየሰማሁ ጣቴ እስኪቆስል ተለማምጄዋለሁ። አንድ ቀን ጎረቤት ቤት የኮንሰርት ቪዲዮአቸው መጣ፣ ጊታሬን ይዤ ሄድኩ፣ አብሬ ልጫወት። ያው ዘፈን፣ ያው አጨዋወት፣ ግን አንዷም ኖታ አልገጥም አለችኝ። ጊታሬ ቅኝቱ የወረደ መስሎኝ አስተካከልኩ፣ ቤት ሄጄ ከካሴቱ ጋር ሳስተያየው ደግሞ አሁን ከካሴቱ ጋር አልገጥም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ስድስቱን ክር ሳጠብቅ ሳላላ ዋልኩ፣ አንዱንም በጠስኩት፣ ያኔ ክር ማግኘት ደግሞ ቀላል አልነበረም። ለካ እነሱ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መድረክ ላይ ሲወጡ ጊታራቸውን ግማሽ ቶን ዝቅ አድርገው ነው የሚቃኙት። ይሄን የማደርገው እኔ ብቻ ነኝ ብለው የሚያፍሩ ዘፋኞች እዚህ ካሉ ይስሙኝ፣ ብዙ ትልልቅ ባንድ ያደርገዋል። ምክንያቱ ጉሮሮ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ዘፋኝ ከፍ ያለውን ቦታ አርፎ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ አሥር ጊዜ ሞክሮ ጥሩዋን ይመርጣል። ቱር ላይ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በሳምንት አራት አምስት ቀን፣ ለወራት ነው የሚዘፍነው፣ በሃያ አምስት ዓመቱ የቀዳውን ደግሞ በስልሳ ዓመቱ ነው የሚዘፍነው። ያ ኮንሰርት ላይ ዘፋኙ ዝቅ ሲያደርገው እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር የተናደድኩት።

ዓይኔን በደንብ የገለጡልኝ ግን አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሐበሻ ዝግጅት ሲኖር ሳውንድ የሚሠሩ፣ ድሮ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከሚጫወቱ ባንዶች ጋር ሞንታርቦ እየተሸከሙ ሥራውን የጀመሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ንዴቴን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ "የት ቆመህ ነበር?" ብለው ነው። "ወደ ኋላ፣ ከላይኛው ሰገነት ስር" አልኳቸው። "ታዲያ ምን ልትሰማ!" አሉና ቅዳሜ ከሰዓት ሳውንድ ቼክ ሲያደርጉ ና አሉኝ።

ሄድኩ። ባዶ አዳራሽ ነው፣ ልጆቹ መድረክ ላይ አንድ ዘፈን እየደጋገሙ ይጫወታሉ። ጋሼ ሚክሰሩ ጋ (ድምፁን ሁሉ የሚያመጣጥኑበት ማሽን ነው) አቆሙኝና "ስማ" አሉኝ፣ ሁሉም ነገር በየቦታው አለ፣ ድምፃዊቷ ጥርት ብላ ትሰማለች። ከዛ "አሁን ሂድና መድረኩ ስር ቁም" አሉኝ። ሄጄ ቆምኩ። ድምፃዊቷ አፏን ስትከፍት አያለሁ፣ ድምፅዋ ግን የለም ማለት ይቻላል፣ ድራሙ ጆሮዬን ይሰነጥቀዋል፣ በግራ በኩል የቆምኩ ስለሆነ ደግሞ ከኪቦርዱ ይልቅ የጊታሩ አምፕ (የራሱ ድምፅ ማጉያ) ነው የሚጮህብኝ። ለምን ቢባል የድምፃዊቷ ድምፅ የሚወጣው ግራና ቀኝ ከተሰቀሉት ስፒከሮች ነው፣ እነሱ ደግሞ በአናቴ ላይ አልፈው ወደ ኋላ ነው የሚተኩሱት፣ ድራምና አምፕ ግን ያለ ስፒከርም በቀጥታ ይመጣሉ። ቀጥሎ ጥጉ ጋ፣ ግድግዳው አጠገብ ቁም አሉኝ። እዛ ደግሞ ቤዙ ሁለት እጥፍ ሆነ፣ የቀረው ነገር ሁሉ ስሩ ተቀበረ። አንድ ዘፈን፣ አንድ ባንድ፣ አንድ አዳራሽ፣ ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሰማሁት። ተመልሼ ስመጣ ጋሼ በጫማቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው "እኔ የምሠራው እዚህች ጋ ሆኜ በምሰማው ነው፣ ከዚህ የራቅክ ቀን ድርሻህን ነው የምታገኘው" አሉኝ። ደግሞ ማታ ሰው ሲሞላ ሁሉም ነገር እንደሚለወጥ፣ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ እንደሚጠጣ፣ ለዛ ሲባል ማታ እንደገና ከባዶ እንደሚያስተካክሉት ነገሩኝ።

ስታዲየም ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፣ መቶ ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ የድራመሩ ዱላ ሲያርፍ አይታችሁ ድምፁ ወደ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ። ለዚህ ነው ትልልቅ ሜዳ ላይ መሃል መሃል ላይ ተጨማሪ የስፒከር ማማ የሚተክሉት፣ ከመድረኩ ድምፅ ጋር እኩል እንዲደርስ ሆን ብለው አዘግይተው ነው የሚለቁት።

አሁን ወደ አልበሙ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስህተቴ ከዛ ነው የሚጀምረው። እኔ አልበም ማለት ባንዱ ቁጭ ብሎ ሲጫወት የተቀዳ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ድሮ እኛ ጋ ብዙ ዘፈን እንደዛ ነው የተቀዳው፣ ባንዱ ሙሉ በአንድ ጊዜ ገብቶ፣ የተሳሳተ ካለ ከመጀመሪያው። የሮክ አልበም ግን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በአብዛኛው ጡብ በጡብ የሚሠራ ቤት ነው። ኩዊኖች በ1975 ያወጡት ታዋቂው "ቦሂሚያን ራፕሶዲ" መሃሉ ላይ ያለው የኦፔራ ክፍል መዘምራን ይመስላል፣ የሚዘፍኑት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ፍሬዲ ሜርኩሪ፣ ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር፣ ድምፃቸውን እየደራረቡ እየደራረቡ ለሳምንታት ቀድተውት ነው። ይሄን አራት ሰው መድረክ ላይ እንዴት ይጫወተው? አይጫወተውም። ኮንሰርት ላይ እዛ ቦታ ሲደርሱ መድረኩን ለቀው ይወጡና ቴፑ ይለቀቃል፣ መብራት ብቻ ይጨፍራል፣ ከዛ ከባዱ የሮክ ክፍል ሲጀምር ዘለው ይገባሉ። አልደበቁትም፣ እንዘፍናለን ብለው አላስመሰሉም፣ እኔ በዚህ ነው የማከብራቸው።

ሌድ ዘፕሊንም እንደዛው ነው። በ1971 ያወጡት "ስቴርዌይ ቱ ሄቨን" ላይ ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ አኮስቲክ ጊታር አለው፣ ባለ 12 ክር ኤሌክትሪክ ጊታር አለው፣ ሶሎውን ደግሞ በሌላ ጊታር ነው የቀዳው። መድረክ ላይ አንድ ሰው ነው፣ ሁለት እጅ ነው ያለው። ስለዚህ ያንን ሁለት አንገት ያለው ጊብሰን ጊታር ያዘ፣ ከላይ 12 ክር፣ ከታች 6 ክር። ብዙ ሰው ለታይታ ይመስለዋል፣ እኔም ፖስተሩን ግድግዳዬ ላይ ስለጥፍ እንደዛ ነበር የሚመስለኝ፣ ግን ዘፈኑ መሃል ጊታር ለመቀየር ጊዜ ስለሌለ ነው። መግቢያው ላይ ዋሽንት የሚመስለውንም ጆን ፖል ጆንስ ኮንሰርት ላይ በኪቦርድ ነበር የሚጫወተው። ኒርቫናም በ1991ዱ አልበም የዘፋኙ የከርት ኮቤይን ድምፅ በብዙ ቦታ ሁለት ጊዜ ተቀድቶ የተደረበ ነው፣ ኮቤይን አልፈልግም ሲል ፕሮዲዩሰሩ ቡች ቪግ የቢትልሱ ጆን ሌኖንም ያደርገው ነበር ብሎ ነው ያሳመነው። መድረክ ላይ ግን አንድ ጉሮሮ ነው፣ ስለዚህ አልበሙ ላይ የምትሰሙትን ውፍረት እዛ ብትፈልጉ አታገኙትም፣ በምትኩ የተሰነጠቀ እውነተኛ ጩኸት ነው የምታገኙት።

ቢትልሶችማ ጭራሽ ተዉት። በ1965 ኒውዮርክ ሺ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት ሲጫወቱ የሕዝቡ ጩኸት ከሙዚቃው በልጦ ነበር፣ ያኔ ዘፋኝ የራሱን ድምፅ የሚሰማበት ሞኒተር የሚባል ነገር አልነበራቸውም፣ ድራመሩ ሪንጎ ዘፈኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው የሌሎቹን እንቅስቃሴ ከኋላ እያየ ነው። በነሐሴ 1966 ሳን ፍራንሲስኮ የመጨረሻ የቱር ኮንሰርታቸውን ተጫወቱና ስቱዲዮ ገቡ፣ ከዛ በኋላ በ1967 ያወጡትን ያንን ትልቅ አልበም አንድ ቀን እንኳን መድረክ ላይ አልተጫወቱትም። ስለዚህ አልበምና ኮንሰርት ሁለት የተለያየ ሥራ መሆኑን መጀመሪያ የተቀበሉት ራሳቸው ሙዚቀኞቹ ናቸው፣ እኛ አድማጮቹ ነን የዘገየነው።

እስካሁን ያልኩት ኮንሰርት ላይ የሚጎድለውን ነው። ጋሼ ግን "የጎደለውን ስትቆጥር የተጨመረውን ሳትሰማ መጣህ" ነው ያሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። የተጨመረውን ለመስማት የሚቀለው የድሮ ላይቭ አልበሞች ናቸው፣ እኔም በሳቸው ምክር ለወራት እሱን ብቻ ነው የሰማሁት። ኦልማን ብራዘርስ "ዊፒንግ ፖስት" የሚባለውን ዘፈን በ1969 አልበማቸው ላይ በ5 ደቂቃ ነው የጨረሱት፣ በመጋቢት 1971 ኒውዮርክ ፊልሞር ኢስት የተቀዳው ግን ወደ 23 ደቂቃ ነው። ዘ ሁዎች በ1965 በ3 ደቂቃ ከምናምን የቀዱትን "ማይ ጄኔሬሽን" በየካቲት 1970 ሊድስ ዩኒቨርሲቲ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ወደ 15 ደቂቃ ወሰዱት፣ መሃሉ ላይ ከሌሎች ዘፈኖቻቸው ቁርጥራጭ እያመጡ። ዲፕ ፐርፕል በነሐሴ 1972 ኦሳካና ቶኪዮ የቀዱት ላይቭ ላይ አልበሙ ላይ 4 ደቂቃ ተኩል የሆነ ዘፈን ወደ 20 ደቂቃ ደርሷል።

መጀመሪያ ስሰማው ረጅም ሆኖ ሰለቸኝ፣ እውነቱን ልናገር። የተገለጠልኝ ከአዝማሪ ቤት ጋር ያያዝኩት ቀን ነው። ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ሄዶ "የዛሬው ዘፈን እንደ ትናንቱ አይደለም" ብሎ የሚናደድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማንም የለም። አዝማሪው ማን እንደገባ ያያል፣ ማን እንደሳቀ ያያል፣ "ተቀበል!" የሚለው ሲመጣለት ግጥሙን ይቀበላል፣ ቤቱ ከሞቀ ያረዝመዋል፣ ከቀዘቀዘ ይቆርጠዋል፣ ማሲንቆው በየመሃሉ ለብቻው ይሄዳል። ዜማው ያው ነው፣ ሌሊቱ ነው የሚለየው። ፊልሞር ኢስት ላይ ዱዌን ኦልማንና ዲኪ ቤትስ ጊታራቸውን እየተቀባበሉ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፣ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይመልሳል፣ ድራመሮቹ ሲያዩአቸው ዝቅ ያደርጉላቸዋል። እኛ ይሄን ጆሮ ይዘን ነው ያደግነው፣ ሮክ ላይ ስንደርስ ምን ሆነን እንደምንጥለው አላውቅም።

አንዳንዴማ ላይቩ አልበሙን ይበልጠዋል። ቺፕ ትሪክ የሚባሉት አሜሪካኖች በ1977 ያወጡት አንድ ዘፈን ቀስ ያለና የለሰለሰ ነበር፣ አገራቸው ብዙም አልሄደም። በ1978 ጃፓን ቡዶካን ላይ ፈጠን አድርገው፣ የልጃገረዶቹ ጩኸት ከግጥሙ ጋር እየተቀባበለ ሲቀዳ፣ ያ ቅጂ ነው አሜሪካ ውስጥ ዝነኛ ያደረጋቸው። ሜታሊካም በ1988 አልበማቸው ላይ ቤዙ የለም እስኪባል ድረስ ተውጧል፣ የዛን ጊዜ ኮንሰርቶቻቸውን ስትሰሙ ግን ቤዙ ቁልጭ ብሎ አለ፣ እኔ እነዚያን ዘፈኖች በላይቭ ነው የምመርጣቸው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፣ "ላይቭ" ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ያልተነካ ነው ማለት አይደለም። ቲን ሊዚ በ1978 ያወጡት ላይቭ አልበም ሮክ አፍቃሪ ሁሉ የሚወደው ነው፣ ፕሮዲዩሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ ግን አብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተቀድቷል ይላል፣ የባንዱ ሰዎች ደግሞ የተነካው ጥቂት ነው ይላሉ። እኔ አሁንም እሰማዋለሁ፣ ግን ኮንሰርት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከሆነ ስልክ ላይ የተቀዳ ቪዲዮ እንኳን የተሻለ ያስተምራል፣ በተለይ እናንተ የምትሄዱበት ቱር ላይ የተቀዳ ከሆነ። የትኛውን ዘፈን ዝቅ እንዳደረጉት፣ የትኛውን እንዳረዘሙት፣ ምን ያህል እንደፈጠኑ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ፣ መድረኩ ስር ሆናችሁ አትደነግጡም።

ስለ ላይቭ ሲወራ ለእኛ ሰው ያችን ቀን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሐምሌ 6 ቀን 1977 (በእኛ ነው)፣ ለንደን ዌምብሌይና ፊላደልፊያ፣ ላይቭ ኤይድ። ለሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ለእኛ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ እኔ እንደማንኛውም ኮንሰርት ላየው አልችልም፣ ስመለከተው ሆዴ ይላወሳል። ግን በሙዚቃው ዓይን ስታዩት ላይቭ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቀን የለም። ለእያንዳንዱ ባንድ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የተሰጠው፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው እየተጣደፈ ይወጣል። ፖል ማካርትኒ ፒያኖው ጋ ተቀምጦ ሲጀምር ማይኩ አልሠራም፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ድምፁ አልወጣም፣ ሕዝቡ ነው የዘፈነለት። ፊላደልፊያ ላይ ሌድ ዘፕሊኖች ከዓመታት በኋላ ተገናኝተው በደንብ ሳይዘጋጁ ተጫወቱና ራሳቸው ስላልወደዱት በ2004 ዲቪዲው ሲወጣ እንዳይገባ አደረጉ። ኩዊኖች ደግሞ በሃያ አንድ ደቂቃ ውስጥ ያንን ኦፔራ ጨርሶ አልነኩትም፣ የፒያኖውን ክፍል ብቻ ተጫውተው ወደ ሌላ ዘፈን ዘለሉ። ከዛ ፍሬዲ ሙዚቃው ሁሉ ቆሞ ብቻውን በድምፁ "ኤ-ኦ" ሲል ስታዲየሙ ሙሉ ይመልስለታል፣ ያስረዝማል ይመልሳሉ፣ ያጣምመዋል ይመልሳሉ። ከ70 ሺህ ሰው ጋር ተቀበል እየተባባለ ማለት ነው። ይሄ ምንም ስቱዲዮ ውስጥ የማይሠራ ነገር ነው፣ ግማሹን የሚዘፍነው ሕዝቡ ነውና።

እንግዲህ ለምትሄዱ ሰዎች፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ትኬት ስገዛ ሚክሰሩ የት እንደሚቀመጥ አያለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወለሉ ላይ መሃል ነው፣ ከሱ ትንሽ ወደፊት ለመቆም ነው ጥረቴ፣ ከሰገነት ስርና ከግድግዳ ጥግ እሸሻለሁ። ሙዚቀኞቹን በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ መድረኩ ስር ሂዱ፣ ደስታው ሌላ ነው፣ ግን ድምፃዊው ካልተሰማችሁ ባንዱን አትቆጡ። ጆሮ መድፈኛ ደግሞ የግድ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ነው የሚመክረው፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ሮክ ኮንሰርት ደግሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል። ከመጀመሪያው ኮንሰርቴ በኋላ ሁለት ቀን ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ነበር፣ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ፣ ያ ፉጨት ለአንዳንድ ሰው ቀርቶ የሚኖር ነው፣ የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንሼንድ ስለ ጆሮው ጉዳት በአደባባይ ሲናገር የኖረ ሰው ነው። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራውን መድፈኛ ግዙ፣ ስፖንጁ ቀጭኑን ድምፅ ቆርጦ ቤዙን ብቻ ያስቀርላችኋል፣ የሙዚቃው ግን ሁሉንም እኩል ነው የሚቀንሰው፣ እንደውም ጥርት ብሎ ይሰማችኋል። ለእህቴ ልጅ ገዝቼላታለሁ።

ደግሞ የምትወዱትን አልበም በሄዳችሁበት ቀን አትስሙት። ጆሮአችሁ ውስጥ ሆኖ ያነጻጽርባችኋል፣ ሳምንት ያህል አሳርፉት።

ያንን የመጀመሪያውን ባንድ ባለፈው ዓመት ደግሜ አየሁት። ዘፋኙ አርጅቷል፣ ዘፈኑን ካለፈው ይልቅ ዝቅ አድርጎታል። ያ የምጠብቀው ሶሎ መሃል ላይ ጊታሪስቱ ክር በጠሰ፣ እጁን ሲያነሳ አየሁት፣ ቀጭኗ ክር ተንጠልጥላ መብራት ላይ ታበራለች። ቤዚስቱ ዞር ብሎ ድራመሩን አየው፣ ድራመሩ ዱላውን ከሲምባሉ አንስቶ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀስ ብሎ መምታት ጀመረ፣ ሁለቱ አንዲት ነገር ላይ እየዞሩ ጠበቁት፣ ሰዉም ማንም ሳያዘው በጭብጨባ ገባበት። ጊታሩን ቀይሮ ሲመለስ ሶሎውን ካቆመበት አልቀጠለም፣ ከዛው ጭብጨባ ላይ ተነስቶ፣ መጀመሪያ አንዲት ኖታ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ እየጨመረ እየጨመረ ሌላ ሶሎ ሠራ። ለመጨረሻው ዘፈን ቆየሁ፣ ከሱ በኋላ ለተጨመሩትም ሁለት ቆየሁ፣ ጆሮ መድፈኛውን እንዳላወለቅኩት ያወቅኩት ባቡር ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።